የሎላ ስለት

ሳን ሆዜ ውስጥ፣ የሃይዌዩ ድምፅ እንደ ዝናብ ሳያቋርጥ ከሚሰማበት ግንብ ጀርባ፣ አንዲት የፊሊፒንስ አሮጊት እጠብቃለሁ። ከሰኞ ጠዋት እስከ ዓርብ ማታ እዚያው አድራለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቼር፣ ከዊልቼር ወደ ሶፋ አሻግራቸዋለሁ፤ የቀረውን ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በማልሰማው ቋንቋ የሚላቀሱ ተዋንያን አያለሁ። ዓርብ ማታ በባቡር ወደ ኦክላንድ እመለሳለሁ። አፕታውን ውስጥ፣ ከሥሩ ምግብ ቤት ያለበት ሕንፃ ላይ አንድ ክፍል አለኝ። ሰዉ ከበታቼ እየተሳሳቀ ሲበላ እኔ ከላይ ልብሴን አጣጥፋለሁ። ከአንዲት ጎረቤቴ በቀር በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ እሳቸው ልጃቸው ጋ የሄዱ እንደሆነ የራሴን ድምፅ ሳልሰማው ሰኞ ይደርሳል። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ኑሮዬ እንደዚህ ስለሆነ ነው።

አሮጊቷን ሎላ ነው የምላቸው፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። መራመድ ይችላሉ፣ ሐኪሙም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሂዱ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ከማዘዝ እኔን ማዘዝ ይቀላቸዋል። ነገረኛ ናቸው። እኔም ነገር አላሳልፍም። ስለዚህ ተስማምተናል ማለት ይቻላል። ሾርባው ጨው የበዛበት እንደሆነ ማንኪያውን ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሞተ ሰው ይቀመጣሉ። እኔም ምንም ሳልል ሳህኑን አነሳለሁ። ትንሽ ቆይተው "ልጄ" ብለው ይጣሩና እስከ መጨረሻው ይበሉታል።

የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሳቸው ከኔ ይሻላል፣ የኔ ደግሞ ይፈጥናል። ከራሳቸው ሰዎች ጋር በስልክ ሲያወሩ ግን ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ ጫማውን፣ የሳምንቱን ቀናት፣ ሰዓቱን ሳይቀር የሚጠሩት በእስፓኝ ቃል ነው። ይህን የነገረችኝ የልጅ ልጃቸው ናት። እስፓኞቹ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ገዝተዋቸው ሲሄዱ አሜሪካኖቹ ተተኩ፤ የአሜሪካኖቹ ነገር ትምህርት ቤትና ቢሮ ገባ፣ የእስፓኞቹ እቤት ውስጥ ቀረ አለችኝ። እቤት ውስጥ ቀረ ስትል ያኔ ስለ ጠረጴዛና መስኮት ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

የልጅ ልጃቸው በርክሌ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ያሳደጓት ሎላ ናቸው። እናቷ ነርስ ነበረች፤ ልጅቷ ገና ፊደል ስትቆጥር በካንሰር ሞተች። አባትየው ሌላ አግብቶ ሌላ ስቴት ሄደ፣ ለገና ካርድ ይልካል። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ናቸው፤ አንዷ በርክሌ ስትገባ ሎላ ቀሩ፣ የቀሩትን እንድጠብቅ ደግሞ እኔ ተቀጠርኩ።

ባለፈው ጸደይ መግቢያ ላይ ሎላ አልበም አውጪ አሉኝና አንድ ፎቶ አሳዩኝ። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ዘውድ ደፍተው፣ በአበባ በተሠራ ቅስት ሥር ይሄዳሉ። እጃቸው ላይ መስቀል አለ። አጠገባቸው ልዑል ያደረጉት አንድ ሕፃን በካባ ተጀቡኖ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል።

"ግንቦት ላይ ነው" አሉኝ። "በየከተማው ሴት ልጆች ንግሥት ሆነው በሰልፍ ይሄዳሉ። መጨረሻ የምትመጣዋ ትልቋ ናት፣ ባሕር ተሻግራ የጌታን መስቀል ፈልጋ..."

"አስቆፍራ ያወጣችው" አልኩ ከአፋቸው ነጥቄ።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ታውቂያታለሽ?"

"የኛም እኮ ናት። መስቀል ብለን በመስከረም እናከብራለን። እንጨት ደምረን እናቃጥላለን። ቦታውን ያሳያት ጭሱ ነው።"

"እናንተንም እስፓኞቹ ገዝተዋችኋል?"

"የለም።"

"ታዲያ ማን ሰጣችሁ?"

እዚህ ላይ ቱግ አልኩ። ማንም አልሰጠንም፣ እኛ እኮ ማንም ያልገዛን የሚለው ንግግር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ንግግር የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ኡበር ስንነዳም፣ የሐኪም ቀጠሮ ስንጠብቅም፣ የጠየቀን ሰው ባይኖርም እንናገረዋለን። ሎላ ግን የጠየቁኝ ሊያሳንሱኝ አልነበረም። በሳቸው አገር ቅዱሳን የመጡት በመርከብ ነው፣ አምጪ አላቸው። ያለ አምጪ የመጣ መስቀል ሰምተው አያውቁም። "ከድሮ ጀምሮ አለ" ብዬ ተውኩት። እሳቸውም "ዕድለኞች ናችሁ" አሉና ወደ ፎቷቸው ተመለሱ።

ስለቱን የነገሩኝ ያን ቀን ነው። የልጅ ልጃቸው ያለ ቀኗ ነበር የተወለደችው። እፍኝ አትሞላም ነበር አሉኝ፤ መስታወት ውስጥ ተኝታ፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ቆዳዋ ሥር ደም ሥሯ እየታየ። እናትየው ነርስ ስለሆነች የሚመጣውን ታውቅና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ሎላ መስታወቱ ፊት ቆመው ተሳሉ፤ ይህቺ ልጅ በሕይወት ከቆየች ንግሥቲቱን ሆና፣ መስቀሉን ይዛ ትሄዳለች ብለው። ልጅቷ ዳነች፣ አደገች፣ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት። አልሄደችም።

"እኔ እንግዲህ ለሚቀጥለው ግንቦት ቃል አልገባም" አሉኝ። "ዘንድሮ ካልሄደችልኝ ስለቴን ሳልከፍል ነው የምሞተው። እዚያ ስደርስ ምን እላለሁ?"

ይህን ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ዲቪው እንዲደርሰኝ ጥላ ተስዬ፣ ቪዛዬ እንደተመታ እናቴ ሮጣ ጥላውን ያስገባችልኝ ሰው ነኝ። ሎላ እውነታቸውን ነው አልኩ በሆዴ፤ ልጅቷንም ታዘብኳት። በስልክ ሲጠይቋት እምቢ ብላለች። እስፓኞቹ በሰይፍና በመስቀል መጥተው አገሩን ወሰዱት፣ እኔ የነሱን ቀሚስ ለብሼ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አልዞርም ብላ። ሎላ ይህን ሲነግሩኝ ድምፅዋን እያስመሰሉ፣ ትከሻቸውን እንደሷ እየሰበቁ ነበር። "ለዚህ ነው ያስተማርኳት?" አሉ።

ሎላ በአፍንጫቸው ይኮራሉ። ቀጭን ነው፣ መሃሉ ላይ ጎበጥ ይላል። ፊታቸውን ሳጥባቸው "ቀስ፣ ይሄ የእስፓኝ ነው" ይሉኛል። ከዘር ማንዘራቸው ውስጥ አንድ የእስፓኝ ሰው አለ፤ አፍንጫውንም ንጣቱንም ያመጣው እሱ ነው። ንግሥት ሆነው የተመረጡትም ለዚሁ ነው። ታላቅ እህታቸው ጠይም ስለነበረች በዚያው ሰልፍ ሻማ ይዛ ከኋላ ሄደች። ይህን ሲያወሩ ስለ አየር ፀባይ የሚናገሩ ነው የሚመስሉት፤ ዛሬ ደመና ነው፣ እህቴ ጠይም ነበረች።

አንድ ጠዋት ከመሳቢያቸው በወረቀት የተጠቀለለ ብርቱካንማ ሳሙና አውጥተው ሰጡኝ። "ለፊትሽ" አሉ። የፓፓያ ሳሙና ነው፣ ሽታው ደስ ይላል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እዚህ አገር ያለ ልደትና ያለ በዓል ስጦታ የሰጠኝ ሰው አላስታውስም። ኦክላንድ ወስጄ ጠዋትም ማታም ታጠብኩበት። ጉንጬ ደረቀ፣ ቀጥሎ ይላላጥ ጀመር፤ እኔ ደግሞ አየሩ ነው ብዬ ቅባት ደረብኩበት።

ከዚያ ልጅቷ ለሎላ መድኃኒት ልታደርስ መጣች። ሎላ ተኝተዋል። ኩሽና ገብታ ገና ሰላም ሳትለኝ ፊቴ ላይ ፈዘዘች።

"ቲታ" አለችኝ፤ አክስት እንደማለት ነው። "ብርቱካን የሚመስለውን ሳሙና ሰጥታሻለች?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ጉንጭሽን አይቼ። ማንጫ ነው እኮ፣ ቆዳ የሚያነጣ። እኔን ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አጥባኛለች በሱ። ጣይው፣ በናትሽ።"

ክው አልኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተኝተው የሚያንኮራፉትን ሴትዮ ሳስብ መናደዱም አልሆንልሽ አለኝ። ሴትዮዋ እኮ የሰጡኝ ወደውኝ ነው። ያላቸውን ከሁሉ የሚሻል ነገር ነው የሰጡኝ።

ልጅቷ ውሃ ቀድታ ተቀመጠች። "የእስፓኙን ሰውዬ ነግራሻለች?"

"አፍንጫውን በየቀኑ አጥባለሁ" አልኳት።

ሳቀች፣ ግን ሳቋ አልቆየም። "ወታደር ወይም ነጋዴ ይመስልሻል መቼም። ቄስ ነው። የከተማው ቄስ፣ መሬቱም የሱ፣ ፍርዱም የሱ። ከኛ ወገን የሆነችው ልጅ ልብሱን የምታጥብለት ነበረች። የነሱ ቄስ አያገባም፣ ቲታ። ያ አፍንጫ እንዴት መጣ ታዲያ? ቤታችን ውስጥ ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም። እንኳን መጣልን ነው የሚሉት።"

"ለዚህ ነዋ እምቢ ያልሽው" አልኳት።

የብርጭቆዋን ላብ በጣቷ ስትጠርግ ቆየች። "ለሰው የምነግረው ይሄን ነው" አለች።

ከዚያ ለሰው የማትነግረውን ነገረችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ንግሥቲቱን የማቅረቡ ተራ የነሱ ቤተሰብ ነበር። ስለቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ስላደገች፣ ሌላ ልጅ ልደቱን እንደሚጠብቅ እሷ ያንን ግንቦት ትጠብቅ ነበር። ቀሚሱ በልኳ ተሰፋ። ያን ጊዜ ለትምህርት ቤቷ ትዋኛለች፤ ፀሐዩ አክስሏታል። ሎላ ቀሚሱን አልብሰው፣ ወደ መስኮቱ ወስደው፣ ዞር በይ ብለው አዩዋትና ፎቶው አገር ቤት እኮ ይሄዳል አሉ። ትንሽ እስክትነጪ ዘንድሮን ለእህቴ የልጅ ልጅ እንስጥ፣ አንቺ ለከርሞ። የእህትየው የልጅ ልጅ ነጭ ናት። ቀሚሱ ጠበበና ለሷ ሆነ። ይቺኛዋ ሻማ ይዛ ከኋላ ሄደች።

"ለከርሞ ወረርሽኙ መጣ" አለችኝ። "ከዚያ እኔም ሄድኩ። አሁን ነጯ አግብታ ቴክሳስ ገባች፣ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ስለቱ ትዝ አላት።"

ታናሽ እህቴ መጣችብኝ። ቀይ ናት። እንግዳ ሲመጣ እሷ ሰላም እንድትል ትጠራለች፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ምን እንደማደርግ የሚጠይቅ የለም። አክስቴ ስለኔ ሲጠየቁ "ጠቆር ትላለች እንጂ መልኳስ ደህና ነው" ይሉ ነበር፤ እያመሰገኑኝ ነው እኮ። ይህን ለልጅቷ ልነግራት ፈልጌ በእንግሊዝኛ አልመጣልሽ አለኝ። ብርጭቆዋን ተቀብዬ አጠብኩ።

ቅዳሜ ለጎረቤቴ አዋየኋቸው። ኤርትራዊት ናቸው፤ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል፣ ሹካን ግን እስከ ዛሬ ፎርኬታ ነው የሚሉት።

"እማማ፣ ስለት በሌላ ሰው ይገባል?" አልኳቸው።

"ምን ተስለሽ ነው?"

"እኔ አይደለሁም፣ የምሠራላቸው ሴትዮ ናቸው።"

"ይገባል እንጂ። እኔ ራሴ እዚህ ቁጭ ብዬ አሥመራ ስንቴ በሰው እጅ አስገብቻለሁ። ታይም ካጡ ሌላ ሰው ይላኩ።"

"የልጅ ልጄ በእግሯ ትሄዳለች ብለው ነው የተሳሉት። እሷ ደግሞ እምቢ አለች።"

እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ። "በሰው እግር ማን ይሳላል? ጥላ ይባላል፣ ጧፍ ይባላል፣ ወይ በራስ እግር ነው። ልጅቷ አፍ አላት፣ ኖ ትላለቻ።"

"ኮል ላድርግላትና ልለምናት ይሆን?"

"አንቺ ምን አገባሽ? ጆብሽን ሥሪ" አሉኝ። ቆይተው ግን "ሰኞ ስትሄጂ ለሴትዮዋ ሰላም በይልኝ" አሉ።

ጆቤን ብሠራ ጥሩ ነበር። ሰኞ ሻወር ውስጥ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ጀርባቸውን ሳጥብ፣ ሎላ የልጅቷን እምቢታ አንስተው ማማረር ጀመሩ። ያሳደግሁት ልጅ፣ ያበላሁት ልጅ፣ ከሞት ያስጣልኩት ልጅ። እየሰማሁ አጠብኩ፣ እየሰማሁ አጠብኩ፣ በመጨረሻ አቃተኝ።

"በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለምን አልሄደችም?" አልኳቸው። "ቀሚሱ በልኳ ተሰፍቶ አልነበረም?"

ጀርባቸውን ከእጄ አራቁ።

"ስለቱ የርስዎ ነው፣ እግሩ ግን የሷ ነው። በሰው እግር ይሳላሉ?"

"ውሃው በረደ" አሉ ሎላ።

አልበረደም ነበር። አድርቄ፣ አልብሼ ሶፋቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ ለቀናት አላናገሩኝም። ሾርባው ሲከፋም ሲጥምም ዝም ብለው ይበላሉ። ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ብቸኝነት እንደ ሸክም የተሰማኝ ያኔ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ለምጄዋለሁ፤ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ግን ሌላ ነው። የሚያናግረኝ ሰው አንድ አሮጊት ብቻ ነበሩና እሳቸውንም በአፌ አጣሁ አልኩ።

የሰልፉ ሳምንት ደረሰ። ሎላ ዓርብ ከሰዓት አፋቸውን ሲከፍቱ "እሑድ ትመጫለሽ" አሉኝ። የእረፍት ቀኔ ነው፣ ጥያቄም አልነበረም። እሑድ ስደርስ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ፤ ትከሻው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የቆመ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ የአጎቴ ልጅ መጥታ አለበሰችኝ አሉ። ለልጅቷ ተሰፍቶ የነበረው ነጩ ቀሚስ ተተኩሶ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥያቄዬን ሳልጠይቅ "መኪናው ውስጥ ይሁን" አሉኝ። የምነዳላቸው መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ ዘርግቼ አስተኛሁት። ልጅቷ እንደማትመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም በየመብራቱ ስንቆም ሎላ ስልካቸውን ያዩ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሎት በሰው ተሞልቷል። በወረቀት አበባ የተሸፈኑ ቅስቶች መኪና ማቆሚያው መስመር ላይ ተደርድረው ንፋሱ ያወዛውዛቸዋል። ሴት ልጆች የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ሰልፊ ይነሣሉ፣ እናቶች መርፌ ቁልፍ በአፋቸው ይዘው ይሮጣሉ። ሎላን ጥላ ስር አቆምኳቸው። የሚያውቋቸው ሁሉ እየመጡ ለአክብሮት የሎላን እጅ ግንባራቸው ላይ ያስነካሉ፣ ልጅቱስ ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ፈተና ላይ ናት ይላሉ። እኔ ከኋላ የዊልቼሩን መያዣ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ማንም ማን ናት ብሎ አልጠየቀም፤ ዊልቼር የሚገፋ ሰው የወንበሩ ክፍል ነው።

ሙዚቃው ተጀመረ። ንግሥቶቹ እየተከታተሉ አለፉ። መጨረሻ ላይ ቅስቱ ስር ትልቋ መጣች፤ የሌላ ቤተሰብ ልጅ፣ ነጭ፣ ቆንጆ፣ መስቀሉን በሁለት እጇ ይዛ። መስቀሉን ሳይ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሳላስበው እልልታዬን አቀለጥኩት። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አንድ ሕፃን ጆሮውን ያዘ። ከኋላ ያሉት አጨበጨቡልኝ። ሎላ ግን እጄን ጎተቱኝ።

"ይህቺ እኮ የኛ አይደለችም" አሉኝ በለሆሳስ።

ሰልፉ ሎቱን ዞሮ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እኛ አልገባንም። ሎላ ደከመኝ አሉ። መኪና ውስጥ አስገብቼ መስኮቱን ከፈትኩላቸው፤ ሞተር ላስነሣ ስል እጃቸውን መሪው ላይ ጫኑ።

"በናንተ አገር" አሉ፣ "ምን ትመስላለች? ንግሥቲቱ።"

ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ስልኬን አወጣሁ። የኛዋ ጠይም ናት፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ እንደኛው ናት ልላቸው ነው። በአማርኛ ጽፌ ፈለግሁ። የመጣው ሁሉ ነጭ ነው። ጸጉሯ ወርቃማ፣ ዓይኗ ሰማያዊ፣ አፍንጫዋ የሎላን የሚያስንቅ፤ ከሥሩ የኛ ፊደል ተጽፎበታል። ወደ ታች ወረድኩ፤ የየመስቀሉ የመልካም ምኞት ካርድ፣ የየሰንበት ትምህርት ቤቱ ፖስተር፣ ሁሉም ያው። የድሮ የግድግዳ ሥዕል አለን፣ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ሳገላብጥ አላገኘሁትም። ስልኩን ልደብቅ ስል ሎላ ተቀበሉኝ። በሁለት ጣታቸው አሰፍተው አዩት።

"እናንተንም አፍንጫው አገኛችሁ" አሉ። ሳቁ። እኔም ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ።

"ማንም ሳይገዛችሁ" አሉ።

"ማንም ሳይገዛን" አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ሎቱ ያዩ ጀመር። "እኔም እኮ ስወለድ እስፓኞቹ ሄደዋል" አሉ። "አያቴ ናት የምታውቃቸው። እኔ አንድም እስፓኝ አዞኝ አያውቅም። መስኮቱ ጋ ያቆምኳት ጊዜ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ማንም በይ አላለኝም። በገዛ አፌ ነው ያልኩት።"

አጽናናቸው ዘንድ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እውነታቸውን ነበር።

ደውይልኝ አሉ። ደወልኩና ልጅቷ ስታነሣ ሰጥቻቸው ወረድኩ። ቋንቋውን ባልሰማውም የሰው ጉዳይ ነው። ሎቱ ላይ ሰዎች ወንበር ያጣጥፋሉ፣ ቅስቶቹን ፒክአፕ ላይ ይጭናሉ። በመስታወቱ ሎላን አያለሁ። አፋቸው ይናገራል፣ ይቆማል፣ ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል፣ እንደገና ይናገራል። አንዴ እጃቸውን አንስተው አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። እንባቸውን አልጠረጉም፤ እያለቀሱ መሆኑን ያወቁም አይመስሉም።

በመስኮቱ ስልኩን አወጡልኝ። "አልተዘጋም፣ ያዢው" አሉ። "እኔን አውርጂኝ።"

"ዊልቼሩን ላምጣ።"

"ዊልቼር መቼ አልኩሽ? የተሳልኩት እኔ ነኝ።"

አወረድኳቸው። ክንዴን ይዘው ቆሙ፣ ከዚያ ለቀቁት። ነጩን ቀሚስ ዞረው አላዩትም። ሰልፉ የሄደበትን መስመር ይዘው፣ የረገፈውን የወረቀት አበባ እየረገጡ፣ አንድ እጃቸውን ከቆመ መኪና ወደ ቆመ መኪና እያሻገሩ መሄድ ጀመሩ። ወንበር የሚያጣጥፉት ቆመው አዩን። ዊልቼሩን በአንድ እጄ እየገፋሁ ተከተልኳቸው፤ ቢወድቁ ልይዛቸው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

"ቲታ፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። "ስለቱ አንቺን አይመለከትም፣ በሕይወት አለሽ፣ ይበቃል አለችኝ። ቀሚሱን ለወደድሽው ስጪው አለች። ምንድነው የሚንኳኳው? የት ናችሁ?"

"ሎቱ ላይ ነን። አያትሽ እየሄዱ ነው።"

"ወዴት?"

"ሰልፉ የሄደበትን።"

"በእግሯ?"

"በእግራቸው።"

ሎላ አንድ መኪና ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ። የቀራቸው ይበልጣል።

"ስልኩን አትዝጊው" አለችኝ።

ለኔ ብላ እንዳላለችው አውቃለሁ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ግን ስልኩን አትዝጊ ያለኝ ሰው የለም። ቀናሁ፣ እውነቱን ልናገር ክፉኛ ቀናሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ፣ እግራቸው እንዲሰማት ስልኩን ወደ ሎላ ጀርባ ዘረጋሁት።